ኮት ለብሶ የተነሣው አባት

«አባቴን ጠጅ አጠጣሃቸው! ሐጂ ኢድሪስን! ዕድሜ ልካቸውን ከውሃና ከሻይ በቀር ያልቀመሱትን ሰውዬ ጠጅ አጠጣሃቸው! ያውም በቴሌግራም!»

ወርቁ ይሻው በርጩማ ላይ ቆሞ ሚስማር ሊመታ መዶሻውን እንዳነሣ ቀረ። በሩን በርግዳ የገባችው ፈትያ ናት፤ ገበያው ዳር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላት የሟቹ የሐጂ ኢድሪስ ልጅ። ሌላ ጊዜ ሱቋ ሲገባ «አቶ ወርቁ፣ እንዴት አደሩ?» ነበር የምትለው። ዛሬ አንቱታውን ሱቁ ውስጥ ቆልፋበት መጥታለች።

«የቱ አባትሽ?» አለ፣ ከበርጩማው ሳይወርድ።

«ይሄ!» በስልኳ ወደ ግድግዳው ጠቆመች። «ይሄ አባቴ ናቸው። አውርድልኝ!»

ግድግዳው ላይ፣ በመስታወት ፍሬም ውስጥ፣ ኮት የለበሰ፣ ሪዙን ያበጠረ፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ግርማ ሞገሳም ሰው ተሰቅሏል። ወርቁ ሰውዬውን አየ፣ ፈትያን አየ፣ እንደገና ሰውዬውን አየ።

«ይሄማ የኔ አባት ነው» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወርቁ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የትም ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ምን እንደጎደለ ነው። የዘመድ ማኅበሩ ባለፈው ሲሰበሰብ፣ በየቤቱ ያለው ፎቶ አይጥ ሳይበላውና እርጥበት ሳያጠፋው ይሰብሰብ፣ ከነታሪኩም ስልክ ላይ ይግባ ተባለ። ማን ይሥራው ሲባል ሁሉም ወርቁን አየ። ወርቁም ለወጉ ሁለቴ እንቢ ብሎ ተቀበለ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣ። ከሻንጣ፣ ከፍራሽ ሥር፣ ከዳዊት ሽፋን ውስጥ ፎቶ ለቀመ። ታሪኩን የሚያውቀውን ከጀርባው ጻፈ። የማያውቀውንም ጻፈ። ማንነቱ ያልታወቀ ወንድ ሁሉ አጎት ሆነ፤ የተኮሳተረ ከሆነ ደግሞ ዳኛ የነበረ አጎት ሆነ። ካሜራው ተንቀጥቅጦ ነጭ ብቻ የወጣ አንድ ፎቶ ነበር። እሱን «የጉና ጉም፤ አክስታችን ውስጡ አለች» ብሎ መዘገበው። ዘመድም በቴሌግራም «ነፍስ ይማር» አላት። አክስትየዋ ግን አሁንም በሕይወት አለች፣ ድንችም ትሸጣለች።

ትልቁ ሥራው ግን የአባቱ ነበር። አባቱ ይሻው ሲሞት ወርቁ ገና ሕፃን ነው፤ እህቱ ጌጤ ደግሞ በእናቷ ሆድ ነበረች። ከአባታቸው የቀረላቸው ይቺ ግድግዳ ላይ ያለችው ፎቶ ብቻ ናት። ወርቁ በሷ ነው ያደገው። ሪዝ ሲያበቅል እንደሷ አበጠረ፤ ሰው ሲያናግር እንደሷ አንገቱን ጠመም አደረገ። «ቁርጥ አባቱን!» ይለዋል ያየው ሁሉ። እሱም ምግብ ባይበላ በዚህ ቃል ውሎ ያድራል። እሑድ ዘመድ በሙሉ ሲሰበሰብ ፎቶውን አሳድጎ ሊሰቅልና ቆሞ ታሪኩን ሊናገር ነው። ሚስማሩም ለዚያ ነበር። ንግግሩን ደግሞ ከነፎቶው ለቅምሻ አስቀድሞ ቴሌግራም ላይ ለቆታል፦ አባታችን ይሻው በኮቱ የታወቀ፣ ጉና ላይ ከነብር ጋር ተናንቆ ቅንድቡን የተቧጨረ፣ የጊዮርጊስ ማኅበርተኛ፣ ጠጅ ሲጠጣ ለወዳጁ የማይሰስት።

«ነብር!» አለች ፈትያ። «በቅሎ ናት! አንበሳሜ ገበያ ጨው ሲያራግፉ በቅሎ ናት የረገጠቻቸው! ለሐጅ ሲሄዱ የተነሡት ፎቶ ሱቄ ውስጥ ተሰቅሏል፣ ጠባሳው አለ። ና እይ!»

ጌጤ እጇን በመቀነቷ እየጠራረገች ከጓዳ ወጣች። «ምን ተገኘ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አለ ወርቁ። «የሞተውን ልትወስድብን ነው የመጣችው።»

መደቡ ላይ እናታቸው እማሆይ ጥላዬ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ወርቁ በርጩማው ላይ እንዳለ እንደ ምስክር ጠራቸው። «እማዬ፣ በይ ንገሪያት። ይሄ ማነው?»

እማሆይ ወደ ግድግዳው ቀና አሉ።

«እኔ እንጃ» አሉ።

ወርቁ ከበርጩማው ወረደ።

«እንዴት እኔ እንጃ ትያለሽ? ስንት ዘመን ሙሉ ባልሽ ነው ብለሽ አይደል ያሳደግሽን?»

«እኔ ባሌ ነው ብዬ አላውቅም። አንተ አባቴ አልከው፤ እኔ ዝም አልኩ።» መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «አባትህ ገበያ ውሎ መጣና ፎቶ ተነሣሁ አለኝ። ፎቶ አንሺው ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ አንድ ኮት አለችው። ገበሬውም ነጋዴውም በየተራ እሷን እየለበሰ ይነሣል፣ በሳምንቱ ይቀበላል። አባትህ ሳይቀበል ፎገራ ወርዶ ወባ ይዞት መጣ፤ ከተኛበት አልተነሣም። አርባውን አውጥቼ ፎቶ አንሺው ዘንድ ሄድኩ። ‹ኮት ለብሶ የተነሣው የኔ ባል ነው› አልኩት። ይሄን ሰጠኝ።»

«ያንቺ ባል አይደለማ!»

«አልኩት እንጂ! ‹ይሄ ይሻው አይደለም› አልኩት። ‹እናት፣ ሰው ፎቶ ላይ ይለወጣል› አለኝ።»

«አንቺም አመንሽው?»

«እሱ አይደል የተማረው? እኔ ፎቶ አይቼ አላውቅ። በዚያ ላይ ሞቷል፤ ሞትም ይለውጥ ይሆናል አልኩ።» ፎቶውን ቀና ብለው አዩና፣ «ደግሞ አማረ» አሉ።

ጌጤ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው። ፈትያ ቁጣዋ መቀመጫ አጥቶ፣ ራሷ ወርቁ የወረደበት በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። የወርቁን ሪዝ አየት አደረገች፤ ቀጥሎ የአባቷን ሪዝ አየች። ጌጤም አየች። ሁለቱም ወደ እማሆይ ዞሩ።

«ምን ታያላችሁ?» እማሆይ መደቡን በእጃቸው መቱት። «ሪዙ ነው! ላጩትና እዩት! እኔ ሐጂን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም፤ እግዜር ይመስክር። ፎቶውን እያየ ራሱን አሳመረ፣ እኔ ምን ላድርግ?»

ፈትያ ለወንድሟ ለሸሪፍ ደወለች። «ና ቶሎ፣ አባባን አግኝቻቸዋለሁ» ስትለው ሸሪፍ ምን እንደመሰለው አይታወቅም፤ ብቻ በባጃጅ በርሮ መጣ። ረጋ ያለ ሰው ነው። ሁሉንም ሰማ፣ ግድግዳውን አየ፣ ለእማሆይ እጅ ነሣ። ከዚያ ምንም ሳይል ወጣና ትንሽ ቆይቶ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ተመለሰ።

«አባቴም ያን ጊዜ ፎቷቸውን ሊቀበሉ ሲሄዱ የሌላ ሰው ነው የደረሳቸው» አለ። «በማግሥቱ ሊመልሱ ቢሄዱ ፎቶ አንሺው ነቅሎ ሄዷል። የሰው አማና ነው ብለው አልጣሉትም። ይዘውት ገበያ ለገበያ ዞሩ፤ ‹ይሄን ሰው የሚያውቅ› ቢሉ የሚያውቅ ጠፋ። ሊሞቱ ሲሉ እንኳ ‹ባለቤቱን ፈልጉ› ብለውን ነው።»

«እንዴት የሚያውቀው ይጠፋል? አባቴ የጋፋት ሰው ነው፤ ጋፋት እኮ አፍንጫችን ሥር ነው!» አለ ወርቁ።

«በኮት ማን ያውቀዋል?» አሉ እማሆይ። «እስቲ አምጣው ልጄ።»

ጨርቁ ተፈታ።

ወርቁ በእናቱ ትከሻ ላይ አጮልቆ አየ። አጭር ሰው ነው። ኮቱ ውጦታል፤ እጅጌው የጣቶቹን ጫፍ ብቻ ነው ያስተረፈለት። ሪዝ የለውም። ጆሮዎቹ በግራና በቀኝ ተገንጥለው ሊሄዱ የተሰናበቱ ይመስላሉ። ሁለቱ ዓይኖቹ ደግሞ ጭፍን ናቸው፤ መርፌ ሊወጋ እንደተቀመጠ ሰው ጥርቅም ያሉ።

ወርቁ መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ ይሄን ሰውዬ ዘመድ ፊት በምን አፌ አቆመዋለሁ የሚል ነበር። ሁለተኛውም እሱው ነበር።

እማሆይ ፎቶውን ዓይናቸው ድረስ አስጠጉት።

«ይሻው» አሉ። በነጠላቸው ጠረጉት። «የፎቶ ሣጥኑ ቀጭ ሲል ደንግጦ ነው። መብረቅ ሲጮህም እንዲህ ነበር የሚጨፍነው፤ ጨፍኖ እጄን ይፈልጋል።»

ጌጤ ጠጋ ብላ አየች፤ ቆይታ ቆይታ እጇ ወደ ራሷ ሄደና ሻሿን ፈታችው። ጆሮዋን ዳሰሰች። ጌጤን በልጅነቷ «አንቺ ደግሞ ማንን ነው የወጣሽው?» ያላላት ጎረቤት የለም። ከዚያ ጀምሮ ነው ሻሽ ከራሷ የማይወርደው።

«እዪ!» አለች ፈትያ። «አላህ! አንድ ናችሁ!»

«አንድ ነን» አለች ጌጤ። ሻሿን መልሳ አላሰረችም።

ሸሪፍ የአባቱን ፎቶ ከነፍሬሙ ተረክቦ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ። «አቶ ወርቁ፣ ያን ቴሌግራም ላይ ያለውን ጠጁን ቢያነሡልን።»

«አነሣለሁ፤ ሁሉንም አጠፋዋለሁ።»

«ሁሉንም እንኳ አያጥፉት» አለ ሸሪፍ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ። «ነብሩን ይተዉልን።»

በማግሥቱ ወርቁ የእውነተኛ አባቱን ፎቶ ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ ዳኛቸው ፎቶ ቤት ሄደ። ሌሊቱን መላ ሲመታ ነው ያደረው። የሐጂንም ፎቶ ስልኩ ላይ አስቀርቶታል።

«የዚህን ራስ እዚያኛው ላይ ማድረግ ይቻላል?» አለ።

ዳኛቸው ሁለቱን አስተያየ። «ኮቱ አንድ ነው፤ ለሥራ ይመቻል። ራስ ብቻ ነው የምንቀይረው።»

ቀየረው። የሐጂ ሰፊ ትከሻ ላይ የይሻው ትንሽ ራስ የድፍድፍ ጋን ላይ እንደተቀመጠ ሎሚ ሆነ። ወርቁ ራሱ ሳቀ፤ ከዚያ ባባቱ መሳቁ አስደነገጠው።

«ሰውነታቸውን እንተወውና ዓይናቸውን እንክፈትላቸው» አለ ዳኛቸው። «በየቀኑ የምሠራው ነው። የልጅ ዓይን ይገጥማል። ቁጭ ይበሉ።»

ወርቁ ቁጭ አለ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ዓይኑ ተቆርጦ ለአባቱ ተሰጠ። ሰውዬው ነቃ። ነቃ ብቻም አይደለም፤ መጋዘን ገብቶ የጎደለ አካፋ እንደሚቆጥር ሰው ማፍጠጥ ጀመረ። ወርቁን ደስ አለው። አሁን ዘመድ ፊት ይቆማል። አሳድጎ፣ በወርቃማ ፍሬም አስገብቶ፣ ሂሳቡን ቅዳሜ እሰጥሃለሁ ብሎ ተሸክሞ ሄደ።

እማሆይ መደቡ ላይ ነበሩ። ወርቁ ፎቶውን ፊታቸው አቆመ።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አሉ።

«እማዬ፣ አባዬ ነዋ! ዓይኑን አስከፈትንለት እንጂ።»

አዩት። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ደግመው አዩት።

«ይሻው አይደለም» አሉ።

ወርቁ አፉን ከፈተ። እማዬ፣ ሰው ፎቶ ላይ ይለወጣል፤ ቃሉ ተሰልፎ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ጌጤ ሻሽ ሳታስር ከጓዳው በር ቆማ ታየዋለች። ወርቁ አፉን መልሶ ገጠመ። ፎቶውን አንሥቶ ብብቱ ሥር ከተተው።

«የት ልትሄድ ነው?» አለች ጌጤ።

«ዳኛቸው ዘንድ።»

«ቆይ፣ ነጠላዬን ልልበስ።»

መንገድ ላይ ብዙም አላወሩ። ስላሴ መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ፣ «እሑድ ምን ብለህ ልታወራ ነው ታዲያ?» አለችው።

«መብረቅ ይፈራ ነበር እላለሁ። ሌላ የማውቀው የለኝም።»

«ይበቃል» አለች።

ዳኛቸው የተመለሰውን ፎቶ እያየ ዓይኑን አሻሸ። «ልዝጋቸው? እሺ። ግን የመክፈቻው ሂሳብ አይቀርም፣ ሥራ ተሠርቶበታል። መዝጊያውም ለብቻው ነው፤ እንደገና ሌላ ማተም አለብኝ።»

«የነበረውን ጭፍን እኮ ነው የምትመልሰው!» አለ ወርቁ። «የራሱን! ከራሱ ላይ የወሰድከውን!»

«ጋሼ ወርቁ፣ እኔ ክፈት ሲሉኝ ከፈትኩ፤ ዝጋ ሲሉኝ እዘጋለሁ። ሁለቱም ቀለም ይበላል።»

ወርቁ በንብረት ክፍል ዘመኑ በስንት ደረሰኝ ሲከራከር የኖረው ሰው፣ እጁን ኪሱ ከተተ። የማሳደጊያውን ከፈለ። የፍሬሙን ከፈለ። የመክፈቻውን፣ ብሩን አንድ በአንድ እየተሰናበተ፣ ከፈለ።

የመዝጊያውን ጌጤ ከመቀነቷ ፈትታ ከፈለች።