ደጁ ላይ ነዎት

ሰርክአዲስ ጠዋት ከአልጋዋ እንደወረደች አውራ ጣቷን ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ጫን አድርጋ ታነሳለች። ጣቷ ባረፈበት ቦታ ጎድጓዳ ይቀራል። ጎድጓዳው ቶሎ ከሞላ ሽፍን ጫማዋን ታደርጋለች። ካልሞላ ነጠላ ጫማ ታጠልቅና ባሏ ማናሴ እንዳያይባት ቀሚሷን ወደ ታች ትጎትታለች። ማናሴ ግን ያያል። ያን ቀን ወጥ ሲሠራ ድስቱ አጠገብ ቆሞ ጨው የሚጨምረውን እጅ ይጠብቃል።

አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። አዳማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ልብስ ትሰፋለች። የተማሪ ደንብ ልብስም የሚዜ ቀሚስም ይመጣላታል፤ ስሟ የሚታወቀው ግን በመዘምራን ልብስ ነው። እሑድ ጠዋት በየአዳራሹ ተሰልፈው ከሚዘምሩት ብዙዎቹ በእሷ እጅ የተለኩ ናቸው። ራሷም ጉልበት በነበራት ጊዜ ከፊት መስመር ትቆም ነበር።

ያደገችው ወንጂ ነው። አባቷ ከአርሲ የወረዱ ሸንኮራ ቆራጭ፣ እናቷ ከመንዝ የመጣች ሴት ነበሩ። ታላቋን ልጅ እናት ሰርክአዲስ አለቻት፤ ታናሿን አባት ኦብሴ አሏት። ቤቱ በሁለት ቋንቋ ይጣላል፣ በሁለት ቋንቋ ይታረቃል። ሻዩ ማንኪያ እስኪያቆም ድረስ ይጣፍጣል። አባት፣ «እኛ የስኳር ሰዎች ነን፤ ስኳር የገዛ ዘመዱን አይበላም» እያሉ ይስቁ ነበር። ፀጉራቸው በቅጡ ሳይሸብት፣ በሸንኮራው መሃል ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። ምች ነው ተባለ፤ ተቀበሩ።

ሰርክአዲስ ራስ ምታት አላስቀምጥ ብሏት ወደ ጤና ጣቢያ የሄደችው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ወጣቱ ሐኪም ውጤቱን አይቶ ረጋ ብሎ ነገራት።

«እናቴ፣ ስኳር ውስጥ አልገቡም። ግን ደጁ ላይ ነዎት። ግፊትዎም ከፍ ብሏል። ልብዎን ከአሁኑ እንጠብቀው፤ ልብ ለመጎዳት ስኳሩ እስኪገባ አይጠብቅም።»

እሷ «አልገቡም» የሚለውን ሰማች። ከዚያ በኋላ ያለው በደስታዋ ውስጥ ሰጠመ።

በሚቀጥለው እሑድ ማይክ ያዘች። «ወገኖቼ፣ ምስክርነት አለኝ። ስኳር ደጄ ላይ ቆሞ ነበር። ጌታ አላስገባውም። ጠላት ከደጄ ተመለሰ።» አዳራሹ በእልልታ ተናጋ።

ሐኪሙ እሷ የበሽታው ደጅ ላይ መሆኗን ነበር የነገራት። እሷ በሽታው የእሷ ደጅ ላይ እንደነበር መሰከረች። ትንሽ የቃል መዞር ናት፤ ማን ወደ ማን እየሄደ እንደሆነ ግን ገለበጠችው።

ከዚያ ወዲያ ቀጠሮው ቀረ፤ የግፊቱም ክኒን ከመሳቢያ አልወጣም። ጉባኤ ፊት የመሰከሩበትን ነገር ተመልሶ ማስለካት ጌታን መጠራጠር መሰላት። ሻዩም ወደ ድሮው ጣዕሙ ተመለሰ። ደረቷን ማቃጠል ሲጀምራት፣ አጠገቧ ጨርቅ የምትሸጠው ፈውዚያ ተልባ በጥብጣ አመጣችላት።

«ጨጓራ ነው። ጨጓራ የሌለበት ሀበሻ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አለች ሰርክአዲስ፤ ተሳሳቁ፤ ተልባውን ጠጣች።

ቃጠሎው ወራት ዘለቀ። አንድ የበጋ ቀትር ላይ ጨርቅ እየቆረጠች ሳለ ግራ እጇ ከበዳት፣ ላብ አጠመቃት። በአዳማ ሙቀት ላብን ማን በሽታ ይለዋል? እሷም አላለችውም፤ መቀሱን አስቀምጣ ትንሽ ልትቀመጥ ፈለገች። ፈውዚያ ቀና ስትል ጓደኛዋ ፊቷ አመድ መስሎ ማሽኑ ላይ ተደፍታለች። ባጃጅ ጠርታ፣ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሆስፒታል አደረሰቻት።

ከልቧ ጡንቻ ከፊሉ መሞቱን ለማናሴ ነገሩት። ማናሴ መምህር ነው፤ እስኪገባው ይጠይቃል።

«ስኳሩ ገብቶባት ነው?»

ሐኪሟ ወረቀቱን አገላበጠች። «አልገባም። ስኳሩ ያው በፊት የነበረበት ላይ ነው። የልብን የደም ሥር ለመጉዳት የግድ መግባት የለበትም። ከግፊቱ ጋር ሆኖ ቀስ እያለ ሲሠራ ነበር።»

ሰርክአዲስ አልጋዋ ላይ ሆና ሁሉንም ሰማች። ከሆስፒታል ስትወጣ ማናሴን አንድ ነገር ለመነችው፤ ለሰው «ድካም ነው» እንዲል። አለ። ሰው ሁሉ ድካም ነው ብሎ ጸለየላት።

ብዙ ሳይቆይ ኦብሴ ደወለች። አርሲ ውስጥ፣ ደራ ገበያ ላይ በርበሬ ትሸጣለች፤ ድምጿ ሁልጊዜ ገበያ ላይ እንዳለች ነው።

«እታለም፣ አካም ጂርታ? እኔም እንዳንቺ ሆንኩልሽ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ደጁ ላይ ነሽ አሉኝ። ግፊትም አለብሽ አሉ። ሳቄ መጣ። ነርሷን፣ ‹የኛ ቤት ደጅ ጠንካራ ነው፣ እህቴን ጠይቂ› አልኳት። ክኒኗን እዚያው ትቼላት መጣሁ።»

«ኦብሴ፣ እኔ የተኛሁት በልቤ ነው። ድካም አይደለም። ከፊሉ ሞቷል።»

«ማናሴ ድካም ነው አላለም?»

«እኔ ነኝ በል ያልኩት።»

«ተይ እንግዲህ። ጠላት እየፈተነሽ ነው። የመሰከርሽውን አትልቀቂ። ደግሞ አንቺ መቼ የማትፈሪው ነገር ነበረ? የሸንኮራ ባቡር ሲያልፍ ጆሮሽን ይዘሽ አልጋ ሥር የምትገቢ።»

ስልኩ ተዘጋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰርክአዲስ ስለ ራሷ ልብ ማሰብ ተወች። የአባቷን አወዳደቅ ታያለች፤ የወደቀው ሰው ፊት ግን የኦብሴ ነው። እህቷን እዚያ ሸንኮራ መሃል ያቆማት የእሷ ምስክርነት ነው።

የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌ አነጋገረች። ደግ ሰው ናቸው፤ ተጨነቁ። «እህት ሰርክአዲስ፣ በዚያ ምስክርነት የጸኑ ሰዎች አሉ። በግል ብትጸልዪበት አይሻልም?»

እሑድ ዕለት ግን ተነሳች። «ያን ጊዜ የመሰከርኩት ልክ አልነበረም። ሐኪሙ ያለኝን አዙሬ ነው የሰማሁት። ደጁ ላይ ነሽ የተባላችሁ ካላችሁ...» ትንፋሽ አጠራት። እስክታገግም የሚጠብቃት አልነበረም፤ መሪው ማይኩን በቀስታ ተቀብሎ መዝሙር አነሳ። እሷ በሰፋችው ልብስ የቆሙት ሁሉ ዘመሩ። ከዚያ ወዲህ የመዘምራን ልብስ ትእዛዝ ቀንሷል። ለምን እንደሆነ የነገራት የለም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ኦብሴ ወሬውን ከሰው ሰማች። የላከችው መልእክት አንድ ቃል ነበር፤ «አዋረድሽን።»

ማናሴ ትምህርት ቤት በሄደበት ሰርክአዲስ ሚኒባስ ተሳፍራ ደራ ወረደች። ኦብሴ በሯ ላይ ሆና ከላይ እስከ ታች አየቻት። ተቆጥታለች፤ ግን የመጣችው ታላቅ እህቷ ናት፤ አስገባቻት።

«ቁጭ በይ፣ ሻይ ላፍላ።»

«ሻዩ ይቅር።»

«ወሬሽን አስቀሪውና ሻዩን ጠጪ።»

«አባዬ በምን ሞተ ኦብሴ?»

«በምች። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ትጠይቂኛለሽ?»

«ደረቱን ይዞ ነው የወደቀው።»

«ምች ደረት አይመታም ያለሽ ማነው? አንቺ ሆስፒታል ተኛሽ እንጂ ሐኪም አልሆንሽ።»

እንዲህ ሲባባሉ ፀሐይ ዘቀዘቀች። ኦብሴ ያየችው የከሳች፣ ግን ተሳፍራ የመጣች፣ የምትናገር እህት ነው። «ልቡ የሞተ ሰው እንዲህ ይከራከራል?» ብላ ሳቀችባት።

በማግስቱ ጠዋት ግን ኦብሴ በገዛ እግሯ ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ግፊቷን ለክታ አላምን ብላ ደግማ ለካች። ስኳሩ አልገባም፤ የልቧ ምርመራ ግን ከወዲሁ ጥሩ አልነበረም። ክኒኗን አሁን ትወስዳለች። ዘግይታ ይሁን በጊዜ፣ እርግጡን የነገራት ሐኪም የለም። የሰርክአዲስ ልብ ደግሞ ወደ ድሮው እንደማይመለስ ተነግሯታል። እህትማማቾቹ በየቀኑ ይደዋወላሉ፤ እንደ ድሮው ግን አይሳሳቁም። ኦብሴን ምን እንዳሳመናት ማናሴ ሰርክአዲስን ሲጠይቃት፣ «እህቴ አይደለች? ተነጋገርን» ትለዋለች።

ሰርክአዲስ ይህ ሁሉ እንዲጻፍ ፈቅዳለች፤ የተሳሳተው ምስክርነትም ቢሆን። አንድ ነገር ብቻ እንዲቀር ለመነች፤ ማናሴ አያውቅማ።

ልቧ ከተጎዳ ወዲህ ጋደም ብላ መተኛት አትችልም። ያለ ትራስ በጀርባዋ ከተኛች ውሃ ውስጥ እንደገባ ሰው ትታፈናለች። ያን ቀን ደራ ላይ ቃል ሲያልቅባት ተነስታ የኦብሴን አልጋ ትራሶች መሬት ላይ አወረደች። ከዚያ በጀርባዋ ተኛች፤ እጆቿንም በግራና በቀኟ ዘረጋች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ኦብሴ።

የሰርክአዲስ ደረት በኃይል ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ ከንፈሯ ጠቆረ፤ ጉሮሮዋ ውስጥ የሚንተከተክ ድምፅ መጣ። ኦብሴ ጮኻ ልታነሳት ብብቷ ሥር ገባች። ሰርክአዲስ የእህቷን እጅ አንጓ ይዛ ወደ ኋላ ገፋችው።

«ቆይ» አለች፣ ባላት ትንፋሽ። «እዪኝ።»