በሠርጉ ካሴት ጫፍ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሳልነግራቸው ስንት ፍስክና ጾም አለፈ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ እኔ ሳልቀርጸው ለንደን ውስጥ የተጋባ ሐበሻ አልነበረም። ንጉሥ ነበርኩ! ሙሽሮች የሠርጉን ቀን ከመቁረጣቸው በፊት እኔን ነበር የሚያማክሩት። መንግሥቴን ልንገራችሁ፦ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያው አጠገብ፣ ከአንዲት ፀጉር ሠሪ ጀርባ ያለች፣ ከሬሳ ሣጥን ትንሽ የምትሰፋ ክፍል። ሁለት የቪዲዮ ዴክ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር። ከካሜራው ይልቅ የሚሠራው አፌ ነበር።

ራሔልን ያወቅኳት በወንድሟ በዳዊት በኩል ነው። ኬኒንግተን ነበር የምትኖረው፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። አብራት የምትኖረውን ጁንን ሰው ሁሉ «ፍላትሜቷ» ይላታል። እኔ ግን ፍቅረኛዋ መሆኗን አውቅ ነበር፤ ራሷ ነግራኛለች። ለምን ለእኔ? «ጋሼ፣ አንተማ ብትናገርም ማንም አያምንህም!» አለችኝ እየሳቀች። እንግዲህ የታመንኩት በውሸታምነቴ ነው።

ሁለቱ ፊልም ሠሩ። ኩባንያ የለው፣ ስቱዲዮ የለው፤ ካሜራው የውሰት፣ ቦታው የራሳቸው ቤት፣ ተዋናዮቹ እነሱው። ሁለት ሴቶች ተዋድደው አብረው ይኖራሉ፤ ታሪኩ ይኸው ነው። «እንደኛ ያለች ሴት ፊልም ላይ ከታየች ወይ ታብዳለች ወይ ትሞታለች» ትል ነበር ራሔል። «በእኛ ፊልም ማንም አይሞትም።» እኔንም አስገቡኝ። የቤት አከራይ ሆኜ በር አንኳኩቼ ገባሁና አራት ቃል ተናገርኩ። ለአራቱ ቃል አንድ ሳምንት መስታወት ፊት ተለማመድኩ፤ ለግማሹ ለንደንም አወራሁ።

ከዚያ ያለቀውን ካሴት አመጣችልኝ፣ ለትንንሽ ሲኒማ ቤቶች የሚላክ ኮፒ እንዳደርግላት። «ለማንም እንዳታሳይ። አንድ ኮፒ ለዳዊት ሰጥቼው እንኳ ተጣልተናል። እማዬ ከሰው አፍ እንድትሰማ አልፈልግም። ለፋሲካ አገር ቤት ሄጄ፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ እኔው እነግራታለሁ።» ማርያምን ብዬ ማልኩላት።

አየሁት። ልብስ ይተኩሳሉ፣ በማሞቂያው ይጨቃጨቃሉ፣ አንዷ የሌላዋን ፀጉር ታበጥራለች፣ መስኮት አጠገብ አንድ ጊዜ ይሳሳማሉ። ነውር ፍለጋ ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ነውር አጣሁበት። ራሴንም አጣሁበት። በሩ ይንኳኳል፣ ማንም አይገባም። ቆርጠውኛል።

እንግዲህ ስሙኝ። ሃይማኖቴ ተነክቶ አይደለም። ባህሌ ተደፍሮ አይደለም። አራት ቃሌን ስለቆረጡብኝ ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ የዳዊት የሠርግ ካሴት ነበር። ቤቱ ወስዶ አይቶት፣ አዲስ አበባ ላሉት እናታቸው ለእትዬ አስካለ እንድልክለት የመለሰው ነው። ያን ጊዜ ሠርግ በመንገደኛ ይላካል፤ እዚያ ሲደርስ ጎረቤቱና ዘመዱ ይጠራና በአንድ ቴሌቪዥን ዙሪያ ተሰብስቦ ያያል። ከጭፈራው በኋላ ባዶ ቦታ ተርፎ ነበር። እዚያች ባዶ ቦታ ላይ የመስኮቷን መሳሳም ቀዳሁባት። አንድ ደቂቃ አትሞላም። እየሳቅኩ ነው የቀዳሁት። ቀልድ ነው አልኩ። የሠርግ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ማን ያያል? ሙሽሮቹ እንኳ ኬኩ ሳይቆረስ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል! እናት እንደምታይ አላወቅኩም ነበር? አውቅ ነበር። እናት ቴሌቪዥኑ ባዶውን እስኪንሿሿ ድረስ ቁጭ ትላለች፤ ልጆቼ እንደገና ብቅ ይሉ ይሆናል ብላ።

ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ራሴ ወሰድኩት። መንገደኛዋ ካሴቱን ገለባበጠችው።

«ሠርግ ብቻ ነው?»

«ሠርግ ብቻ ነው።»

«ያንተ ነገር መቼ ይታወቃል!» ብላ ሳቀችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ወረፋው ረጅም ነበር። አርባ ደቂቃ አጠገቧ ቆሜ ሳስቃት ቆየሁ። ቦርሳው እግሬ ሥር ነው። ዚፑ ክፍት ነው። አርባ ደቂቃ ሙሉ እጄን አልዘረጋሁም።

ከዚያ ዝምታ ሆነ። አንድ ሳምንት። ሁለት ሳምንት። ስልክ በጮኸ ቁጥር ታወቀብኝ እላለሁ፤ ሰው ሲስቅ በእኔ የሚስቅ ይመስለኛል። በሦስተኛው ሳምንት ራሔል መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። እናቷ እንግዳ በሞላበት ቤት አይተውታል። አልጮኹም። ቴሌቪዥኑን አጥፍተው «ብሉ እንጂ» አሉ አሉ። ከዚያ ወዲህ ስትደውል ድምጿን ሰምተው ይዘጉባታል።

«ጋሼ፣ አንተ ነህ?»

ማርያምን ብዬ ማልኩ፤ ሁለተኛዬ ነው። እሱ ባልበቃኝ፣ «ካሴቱ እኮ ዳዊት ቤት አድሯል» አልኳት። ውሸት አልነበረም። እውነቱን እንደ ቢላ ስዬ ነው የሰጠኋት።

ለፋሲካ አልሄደችም። እናቷም እስኪያርፉ ድረስ አላናገሯት። እህትና ወንድም ተኮራረፉ፤ በመጨረሻ ሽማግሌ ይግባ ሲባል ማን ተመረጠ መሰላችሁ? እኔ! ከሁለት አዛውንት ጋር ኬኒንግተን ሄጄ መሀላቸው ተቀመጥኩ። ጁን ሻይ ቀድታ መጀመሪያ ለእኔ ሰጠችኝ።

ዳዊት «እኔ አላደረግኩም፣ እናቴን አላደረግኩም» እያለ ማለ። እኔስ ምን አልኩት? «ልጄ፣ ጥፋትን ማመን ወንድነት ነው።» አዎ፣ እኔ፣ በዚህ አፌ። ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ተነሣና እህቱ ጉልበት ላይ ወደቀ። «እሺ፣ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ» አላት። ያልሠራውን አመነ፣ እህቱን ከሚያጣ። ራሔል አንገቱን አቅፋ አነሣችው።

ወጣት ነበርኩ አልልም፤ አርባን አልፌ ነበር። ዘመኑ ነው አልልም፤ ዘመኑ ሂትሮው አልሄደም። ራሔል ይህን ታነቢው እንደሆነ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ቀርቶ ስምሽን መጥራትም አይገባኝም። ወንድምሽ ግን ንጹሕ ነው።

ያን የዕርቅ ቀን እኔም አለቀስኩ። አዛውንቶቹ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ «አይ፣ ሆደ ቡቡ!» አሉኝ። ያለቀስኩት ተጸጽቼ አልነበረም። ስላልተያዝኩ ደስ ብሎኝ ነው።