ጆከር የደረሰው ይቆማል

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከደቅ ደሴት በጀልባ ወደ ባሕር ዳር እየተመለስኩ ነበር። እኔ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንልኝም። እግሬን ሳወዛውዝ ጎኔ የተቀመጡት መሪጌታ ሁለቴ ገላምጠውኛል። ከፊታችን አራት ሰዎች ጀሪካን አጋድመው በካርታ ኮንከር ይጫወታሉ።

ድንገት አንደኛው ካርታ መዘዘና ብድግ አለ። ጀልባዋ ተወዛወዘች።

«አንተ! ልትገለብጠን ነው? ተቀመጥ!» ብሎ ጮኸ ነጂው።

«ጆከር ደርሶኝ እንዴት እቀመጣለሁ? ጆከር የደረሰው ዙሩ እስኪያልቅ ቆሞ ነው የሚጫወት!»

ክው አልኩ...

ይህን ሕግ ያወጣው ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ ነው። ልጆች ሆነን ጆከር ሲደርሰኝ ደብቄ እየያዝኩ ስለማበግነው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ጆከር የደረሰው ይቆማል፣ በቃ!» ብሎ ደነገገብኝ። ከሁለታችን በቀር እንዲህ የሚጫወት ሰው አይቼ አላውቅም። ደሳለኝ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ እንደወረደ ድምፁ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል።

«ይቺን ሕግ ማን አስተማረህ?» አልኩት ሰውዬውን።

«ምን ማስተማር አለው? ኮንከር ድሮም እንዲህ ነው!»

ክርክር ተነሳ። አንዱ ጨዋታውን ያመጣው ጣልያን ነው አለ። ሌላው የለም፣ ወታደር ነው ከካምፕ ካምፕ ያዞረው አለ። መሪጌታ «ማንም ያምጣው፣ እናንተን ሥራ አስፈትቷል» አሉና ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። እኔ ጣልያኑን ትቼ ሰውዬውን ሙጭጭ አልኩበት። ሲጨንቀው ባሕር ዳር ሹም አቦ ሰፈር ጫማ ቤት ያለው ከድር እንዳስተማረው ነገረኝ።

እዚያው ጀልባ ላይ ሆኜ እናቴ ጋ ደወልኩ። «እማዬ፣ የደሳለኝ ዱካ ተገኘ!» አልኳት። መጀመሪያ ማጣራት ነበረብኝ... አፌ ቀደመኝ።

ከድርን ያገኘሁት ለደንበኛ ጫማ ሲያስለካ ነው። «እኔማ መሸንቲ ነው የተማርሁት። እህል መጋዘን የሚጠብቁ ጋሽ ሙላት የሚባሉ አሉ፣ እሳቸው ናቸው ያስለመዱኝ» አለኝ። ምሳ የለ፣ ምን የለ፣ የመሸንቲ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሹፌሩ ተሳፋሪ ለመጫን በቆመ ቁጥር ወርጄ በእግሬ ልሂድ እያልኩ ስቁነጠነጥ ደረስን።

ጋሽ ሙላት መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጠዋል። ሰላምታዬን እንኳ በቅጡ አልጨረስኩም።

«ጋሽ ሙላት፣ ጆከር የደረሰው ይቆማል ያለዎት ማን ነው?»

«አንድ መንገደኛ ነው ልጄ። አውቶቡስ ተበላሽቶበት እዚህ ዋለ። ቀጭን ነው፣ እግሩ አንድ አፍታ አያርፍም። መኪናው እስኪሠራ ስንጫወት ይቺን አሳየን፣ ወደድናት።»

ደሳለኝ ነው! ልቤ ልትወጣ ደረሰች። «ወዴት ሄደ? ምን አላችሁ?»

ሽማግሌው ዝቅ ብለው እግሬን አዩ። ከዚያ ፊቴን...

«ቆይ እስቲ... አንተው አይደለህ እንዴ? የወንድምህን ፎቶ ይዘህ ስትፈልግ የመጣኸው?»

እዚያው ድንጋይ ላይ ዘጭ አልኩ። እውነታቸውን ነው። ደሳለኝ በጠፋ በዓመቱ ፎቶውን ይዤ በየከተማው ስንከራተት የት እንደዋልኩ፣ ከማን ጋር እንደተጫወትኩ አላስታውስም። ቀኑን ሙሉ ያሳደድኩት ራሴን ነው።

«ታዲያ አገኘኸው?» አሉኝ። ብድግ ብዬ ወደ ሚኒባሱ ሄድኩ።

ቤት ስደርስ እናቴ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ ትጠብቀኛለች። እንዴት ብዬ ልንገራት? ዓይኗን ሳላይ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካከለችና...

«ጨዋታው ከመሸንቲ ተነሥቶ ሐይቅ ተሻግሮ ደቅ ከገባ፣ እሱ ያለበት የማይደርሰው ለምንድን ነው?» አለችኝ።

ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ኮንከር እያስተማርኩ ነው።