ብሎንን ያናፈስኩ ሰሞን

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሊያ ከአዳማ መጥታ እኔ ዘንድ ሰንብታ ነበር። አንድ ጠዋት ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና፣ አክስቴ እስቲ ይህን አንብቢና አስተያየት ስጪኝ አለችኝ። መነጽሬን ፈልጌ አነበብኩ። ከጓደኛዋ ጋር ሊጀምሩት ያሰቡት ሥራ ማስታወቂያ ነው። ባለቤቱ መንገድ ሲሄድ ወይም ሥራ ሲውል፣ ቤቱ ድረስ ብቅ እያሉ ውሻውን ሊያበሉ፣ ውሃ ሊያጠጡ፣ አውጥተውም ሊያናፍሱለት ነው። ድመትም ይቀበላሉ። ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቷ የናቅኩባት መስሏት አኮረፈች።

"ሥራሽን አይደለም የሳቅኩበት" አልኳት። "እኔ ይህን ሥራ አንቺ ሳትወለጂ እዚሁ ጭሮ ላይ ሠርቼዋለሁ።"

አላመነችኝም። እውነቷን ነው፤ የደረሰው በእኔ ባይሆን ኖሮ እኔም አላምንም ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅበት ጊዜ ነው። መስቀል አልፎ፣ ማሽላው ራሱ ከብዶት ማጎንበስ ጀምሯል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከተራራው ወርዶ ከተማውን ይሸፍነውና ረፋድ ላይ ነው የሚገፈፈው። እኔ ደግሞ ውጤት ይምጣ አይምጣ ከማሰብ በቀር ይህ ነው የሚባል ሥራ አልነበረኝም። እናቴ ስቀመጥ ባየችኝ ቁጥር ወይ ወፍጮ ቤት ትልከኛለች፣ ወይ ሽንኩርት ታስልጠኛለች።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ባለቤታቸው ጋሽ ታደሰ ሚኤሶ ላይ የባቡር ሐዲድ ፈታሽ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐዲዱን ተከትለው በእግራቸው እየሄዱ የላላ ብሎን ሲያጠብቁ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የቆላው ሙቀት በቃኝ ብለው ጭሮ ገቡ። ሐዲዱ ላይ ከኋላቸው ይከተላቸው የነበረውን ውሻም ይዘውት መጡ። ስሙ ብሎን ነው። ጭሮም ከገቡ በኋላ ሐዲድ የለም ብለው እግራቸውን አላሳረፉም፤ ጠዋትና ማታ ዱላቸውን ይዘው እስከ ከተማው ጫፍ ሄደው ይመለሳሉ፣ ብሎንም ያለ ገመድ ያለ ምን ከኋላቸው ቱስ ቱስ ይላል። እሳቸው ሲሞቱ ውሻው በሩ ላይ ተኛና መንገድ መንገዱን ያይ ጀመር።

እንግዲህ እትዬ አስካለ አንድ ቀን ጠሩኝና፣ በደሳ ከተማ ያለችው ልጃቸው ስለወለደች አራሷን ሊጠብቁ ሊሄዱ መሆኑን ነገሩኝ። እስኪመለሱ ጠዋትና ማታ ብቅ እያልኩ ብሎንን እንዳበላላቸው ፈለጉ።

"ግን ካልተንሸራሸረ እህል አይቀምስም" አሉኝ።

"ማን ነው የሚያንሸራሽረው?"

"አንቺ ነሻ።"

ግራ ገባኝ። እኛ ቤት ውሻ ኖሮ አያውቅም። እናቴ ውሻ ካየች መንገድ የምትቀይር ሴት ነበረች፤ ፍርሃቷንም ከነሙሉ ክብሩ አውርሳኛለች። እንዴት እምቢ እንደምል ሳስብ እትዬ አስካለ እጄን ያዙኝ። "ከታደሰ የቀረኝ እሱ ነው። አደራ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ እምቢ የሚል አፍ ከየት ይምጣ!

በነጋታው ጠዋት ብሎንን በልብስ ማስጫ ገመድ አሰርኩት። እንደ ጋሽ ታደሰ ዝም ብሎ ይከተለኛል የሚል እምነት አልነበረኝም፤ ቢጠፋብኝስ? ገመዱን በረጅሙ ይዤ፣ ከውሻውም ከሰውም እየሸሸሁ ወደ አስፋልቱ ወረድኩ። ሰዉ ሁሉ ያፈጥብኛል። አንድ ጋሪ ነጂ ቀስ አለና፣ ማንን ነከሰ ብሎ ጠየቀኝ። ማንንም አልነከሰም አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ሳምቡሳ የምትጠብሰው ሴትዮ ደግሞ ጭልፋዋን እንደያዘች፣ ከዚህ ራቅ አድርገሽ ውሰጂው፣ ካለዚያ ማታ ተመልሶ በርሽ ላይ ታገኚዋለሽ ብላ መከረችኝ። ታዲያ ማታ ቤቱ ካልተመለሰ የት ሊያድር ነው? ምን እንደምታወራ አልገባኝም።

ለእኔ ያኔ ባይገባኝም ለእናንተ ልንገራችሁ። በእኛ አገር ውሻ ቀን ግቢ ውስጥ ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፣ በቃ። በገመድ ተስቦ አደባባይ የሚወጣ ውሻ ካለ ወይ ሰው ነክሷል ወይ የጎረቤት ዶሮ ፈጅቷል፤ የሚወሰደውም ራቅ ያለ ቦታ ሊጣል ነው። ሕፃን ልጅ ሳይቀር ይህን ያውቃል። ውሻ የሌለበት ቤት ያደግኩት እኔ ብቻ ነበርኩ የማላውቀው። ላናፍሰው ነው ብዬ ስመልስ ሰው ሁሉ ዓይኑን ይሰብራል። ለካ ጉዴን ለመሸፈን የምዋሽ መስያቸዋለሁ።

ነገሩ ያላማራቸው ሐጂ አሕመድ ነበሩ። ጫት በመኪና ወደ ገለምሶና ወደ ሌላም ከተማ የሚያመላልሱ ነጋዴ ናቸው፤ የጋሽ ታደሰ ወዳጅ ነበሩ፤ ከሰዓት በኋላ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላውን ሆጃ አብረው ይጠጡ ነበር። ብሎንን በገመድ ሲያዩት ከመቀመጫቸው ተነሡ። አስካለ የት አለች ብለው ጠየቁኝ። በደሳ ሄደዋል፣ ለእኔ አደራ ብለውኝ ነው አልኳቸው። ብሎንን በሐዘን አይተው ተመልሰው ተቀመጡ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ የወዳጄን ውሻ ልታስጥለው ነው፣ በዓይኗ እንዳታይ ደግሞ ከከተማ ወጥታለች ብለው ነው ያዘኑት።

ከጥቂት ቀን በኋላ እናቴ እግረ መንገድሽን ብላ ማሽላ አሸክማኝ ነበርና፣ ብሎንን ከአንድ የመብራት ምሰሶ ጋር አስሬ ወፍጮ ቤት ገባሁ። ስወጣ ውሻ የለም። ገመዴ በሥርዓት ተጠቅልሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሌባ ገመድ ጠቅልሎ አይሄድም! ዙሪያዬን ባይ ሰዉ ሁሉ ፈገግ ብሎ ያየኛል። ሳምቡሳ ሻጯ አንዱን ትኩስ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝና፣ ተገላገልሽ ልጄ፣ ብይ አለችኝ። ሳምቡሳውን ይዤ መሐል መንገድ ላይ ደንዝዤ ቆምኩ።

ሐጂ አሕመድ ጠሩኝ። "አይዞሽ፣ ኢንተላ ቲያ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ለአስካለ ንገሪያት፣ በነፍሱ እንዳትጠየቅ አድርጌያለሁ። ወንድሜ ገለምሶ እርሻ አለው። በአይሱዙ ልኬለታለሁ፣ እዚያ ይኖራል።"

እሳቸው ውሻ ከነኩ ለሶላት እንደገና መታጠብ ስላለባቸው ጫኞቹን ለምነው ነው ያስጫኑት። እኔ ግን ደግነታቸውን የት አይቼው! እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። የእትዬ አስካለ እጅ እጄ ላይ ያለ መሰለኝ።

"ልትጥዪው አልነበረም እንዴ?" አሉ ደንግጠው።

"ላናፍሰው ነበር።"

"ውሻ ይናፈሳል?"

"ጋሽ ታደሰ ያናፍሱት አልነበረም?"

ሐጂ ጥቂት አሰቡ። "የሚናፈሰውማ ታደሰ ነበር" አሉ። "ውሻው ይከተለዋል እንጂ።"

በነጋታው በሐጂ መኪና ጋቢና ተጭኜ ወደ ገለምሶ ሄድኩ። መንገዱ ያዞረኛል፤ በግራ በቀኝ እርከን፣ ጫት፣ መቅላት የጀመረ ቡና። ሾፌሩ የተጠበሰ በቆሎ ገዛልኝ። በደሳ ላይ መኪናው ሲቆም እትዬ አስካለን አስጠርቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው ጋቢና ወጡ። እስከ ገለምሶ ድረስ ዓይናቸውን ከመንገዱ አልነቀሉም።

እርሻው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ብሎን እትዬን ከሩቅ አውቋቸው እየበረረ መጣና ቀሚሳቸው ውስጥ አፍንጫውን ወሸቀ። ተመስገን አልኩ፤ ገመዴንም አወጣሁ። በዚህ መሐል የእርሻው ጠባቂ፣ ቀጭን ሽማግሌ ሰውዬ፣ ዱላውን አንሥቶ እርከኑን ሊዞር ተነሣ። ብሎን ቀና አለ። እትዬን አየ፣ ሰውየውን አየ። ከዚያ ዞሮ የሰውየውን ተረከዝ ተከትሎ ቱስ ቱስ ማለት ጀመረ። ሰውየው ከድንጋይ ካቡ የተናደ ቦታ ሲያገኝ ይቆማል፤ ብሎንም ይቆማል።

እትዬ አስካለ ካቡ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ገመዱን ይዤ ልከተለው ስል ቀሚሴን ያዙኝ።

"ተዪው" አሉኝ። "ሥራ ላይ ነው።"

እትዬ ከአራሷ ቤት ወደ ጭሮ ሲመለሱ በራቸውን ማለፍ ፈራሁ። ውሻ የለ፤ ምን ብዬ ብቅ ልበል? ሲነጋ እናቴ፣ እትዬ አስካለ ይጠሩሻል አለችኝ። የጋሽ ታደሰን ዱላ ይዘው በራችን ላይ ቆመዋል።

"ለምን ቀረሽ?" አሉኝ።

"ብሎን የለም እኮ፣ እትዬ።"

"እኔ አለሁ አይደል?"

ውጤት መጥቶ ለትምህርት ከጭሮ እስክወጣ ድረስ ጠዋትና ማታ ያንኑ መንገድ አብረን ሄድን። እኔ እቀድማለሁ፣ እሳቸው ይከተላሉ። ሐጂ አሕመድ በዚያ ስናልፍ ሁሌ ከመቀመጫቸው ይነሣሉ፤ አንዳንዴም ሆጃ ያስቀዱልናል። እትዬን ማንን ነከሱ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። ውሻውን ያጠፋሁት እኔ ልሁን፣ ሥራ ያገኘሁለትም እኔ ልሁን፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ያኔ ማን ማንን ሲያናፍስ እንደነበረም እንጃ።

ሊያ ይህን ሁሉ ሰምታ፣ እሺ ማስታወቂያው ላይ ምን እንጨምር አለችኝ። ቤቴን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። ልጆቼ ሁሉም በየፊናቸው ሄደዋል፤ እሷም ከምሳ በኋላ ወደ አዳማ ትሳፈራለች።

"ውሻ የሌለው ሰው ቢደውልላችሁስ" አልኳት፣ "ብቅ ትላላችሁ?"

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።