ለጵርስቅላ ያልደረሰው መልእክት

ለሊሴ አዱኛና ጵርስቅላ ኢዶሳ የካ ዳገት ላይ አጥር ለአጥር ነው ያደጉት። የለሊሴ አባት አቶ አዱኛ ድሮ ገበሬ ነበሩ፤ ከተማው መሬታቸውን ከዋጠው በኋላ የትምህርት ቤት ጥበቃ ሆኑ። የጵርስቅላ አባት ወንጌላዊ ናቸው። ሁለቱ ልጆች አብራሪነት ልንማር ነው ያሉ ጊዜ ሰፈሩ ስቆ ነበር። የመጀመሪያውን የበረራ ፈቃድ ይዘው ሲመጡ ግን ያው የሳቀው ሰፈር "ልጆቻችን" ማለት ጀመረ።

ከባዱ ገና ነበር። ተቀጥሮ ለመብረር የንግድ አብራሪነት የጽሑፍ ፈተና መታለፍ አለበት፤ የአየር ሕጉ፣ የአየር ጠባዩ፣ የክብደትና ሚዛኑ ስሌት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ናቪጌሽን፣ የበረራውን አቅጣጫና መንገድ ማስላት። ሁለቱ ጓደኛሞች ጠዋት ጠዋት ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ቀጭን መንገድ ይወጡና ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይጠያየቃሉ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች "በርቱ የኔ ልጆች" ብለዋቸው ያልፋሉ።

ጵርስቅላ ፈጣን ናት። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስና ፍጥነቱ ስንት እንደሆነ ከተነገራት፣ ክቧን የበረራ ማስሊያ ሰሌዳ ሁለቴ አዙራ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ስንት ዲግሪ ማዞር እንዳለበት ትናገራለች። ለሊሴ መልሱ ጋ ስትደርስ ጓደኛዋ ሌላ ጥያቄ አንብባ ጨርሳለች።

"ገባሽ?" ትላታለች።

"ገባኝ።"

አልገባትም ነበር። አልገባኝም ማለት ግን ከሞት በላይ ያስፈራት ጀመር።

ጥር ላይ ሞዴል ፈተና ወሰዱ። በማግስቱ ጵርስቅላ ከአባቷ ጋር አዳማ ጉባኤ ሄዳ ስለነበር፣ ውጤቱን ልትሰማ ወደ ማሠልጠኛው የሄደችው ለሊሴ ብቻዋን ናት። አስተማሪያቸው ካፒቴን ገመዳ፣ ጡረታ የወጡ ረጋ ያሉ ሰው፣ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጉላት። ጵርስቅላ በናቪጌሽን ዘጠና አንድ አምጥታለች። ለሊሴ ሃምሳ ስምንት።

"ጵርስቅላ ለፈተናው ደርሳለች" አሉ። "ለዚህ ዙር እስከ ሐሙስ ትመዝገብ በያት። አንቺ ደግሞ፣ ልጄ፣ አትቸኩዪ። የሰኔው ዙር ይሻልሻል። እኔ ለልጄ ሠርግ ሀዋሳ መሄዴ ነው፤ ስመለስ አብረን እንሠራለን።"

"እሺ ካፒቴን፣ እነግራታለሁ" አለች።

ከመገናኛ ታክሲ ይዛ እስክትወርድ ድረስ ልትነግራት ነበር ሐሳቧ። ዳገቱን ስትጀምር አባቷን አየቻቸው፤ ከሦስት የዕድር ሰዎች ጋር ቆመው፣ "የኔዋ በቅርቡ ትፈተናለች፤ ከዚያ በኋላ እንግዲህ ካፒቴን በሏት" እያሉ ይስቃሉ። ጵርስቅላ አልፋ እሷ ስትቀር ሰፈሩ የሚለውን አሰበች። የአባቷን ፊት አሰበች። ማታ ጵርስቅላ ከአዳማ ደውላ "እህስ፣ ምን አሉ?" ስትላት፣ ከአፏ የወጣው ይህ ነው፦

"ሁለታችሁም የሰኔውን ጠብቁ ብለዋል።"

"እኔንም?"

"ሁለታችንንም።"

"በቃ፣ አብረን ጀመርን፣ አብረን እንጨርሳለን" አለች ጵርስቅላ። ሐሙስ መጣ፣ ሄደም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት ለለሊሴ የሚያሳፍር ትዝታ ናቸው። ጵርስቅላ ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ የራሷን መጽሐፍ ዘግታ እሷን ማስተማር ያዘች። መሬት ላይ በእንጨት መስመር ታሰምራለች፤ አንዱ የአውሮፕላኑ ጉዞ፣ አንዱ ነፋሱ፣ ሦስተኛው ከሁለቱ የሚወጣው እውነተኛ መንገድ። አንዳንድ ቀን ፊቷ ይጨልማል፤ ያሰመረችውን በእግሯ ታጠፋና፣ "ተይ፣ እንደገና ከመጀመሪያው" ትላለች። ለሊሴ ደክሟት ነው ብላ ታስብ ነበር።

ግንቦት ላይ የጤና ምስክር ወረቀታቸውን ለማሳደስ ሄዱ። የለሊሴ በአንድ ሰዓት አለቀ። ጵርስቅላን ግን ሐኪሙ ደግመው መረመሯት፤ ወደ ሌላ ሐኪም ላኳት፤ በሳምንቱ ቁርጡ ተነገራት። የቀኝ ዓይኗ የፊት ሽፋን እየሳሳ ቅርጹን እያጣ ነው። በመነጽር አይስተካከልም። ምስክር ወረቀቱ አይታደስም፤ ያለ እሱ ደግሞ መብረር የለም።

"ባለፈው ዓመት ምንም አልነበረም እኮ!" አለች ለሊሴ፣ ሐኪሙን እንደምትከራከር።

"ሲጀምር የማይታይ፣ ከጀመረ ግን ቶሎ የሚብስ ነው" አሏት። "ሕመሙ አይቀርላትም ነበር። ሥራ ይዛ ቢሆን እንኳ ዕድሜዋን ሙሉ አትበርም ነበር።"

ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለሊሴን እንደ ማጽናኛ ጥቂት ቀን ደገፈቻት። ኋላ ግን እሷው ራሷ መልሳ አፈረሰቻት። ጵርስቅላ ባመለጣት ዙር ተፈትነው ያለፉትን ሦስት ልጆች አንድ አነስተኛ ድርጅት መጋቢት ላይ ቀጥሯቸው ነበር። ጵርስቅላ ዕድሜዋን ሙሉ ባትበር፣ አንድ ሁለት ወር እንኳ ትበር ነበር። ስሟ የተጻፈበት የደንብ ልብስ ትለብስ ነበር።

ሰኔ ላይ ለሊሴ ብቻዋን ተፈተነች። የናቪጌሽኑ ጥያቄ ወረቀት ሲደርሳት መስመሮቹን ጠርዙ ላይ ሣለች፤ ጓደኛዋ መሬት ላይ እንደምትሥለው። ሰማንያ አራት አገኘች። ቀድማ መጥታ አንገቷን ያቀፈቻት ጵርስቅላ ናት። አቶ አዱኛ አለቀሱ። ለሊሴም አለቀሰች፤ ሰዉ ደስታ መሰለው።

አራት ዓመት አለፈ። ለሊሴ አነስተኛ የመንገደኞች አውሮፕላን ላይ ረዳት አብራሪ ሆነች። ጵርስቅላ ክፍለ ከተማ መሥሪያ ቤት ገብታ የመዝገብ ሠራተኛ ሆነች። ለሊሴ በተመለሰች ቁጥር ትደውልና ስላየችው ደመና፣ ስለ ጂንካ ማረፊያ ሜዳ፣ ስለ አስቸጋሪ ነፋስ ታወራታለች። የምትክሳት ይመስላት ነበር። እያደር ግን በየወሬው መጨረሻ ያ የጥር ስልክ ትዝ ይላት ጀመር፤ አንድ ቅዳሜ አልቻለችም። መገናኛ ጁስ ቤት ቀጠረቻትና ጁሱ ሳይመጣ ነገረቻት፤ ካፒቴኑ ያሉትን፣ ሐሙስን፣ ስልኩን፣ ሁሉንም።

ጵርስቅላ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"ካፒቴን ገመዳ ከሠርጉ እንደተመለሱ 'ለምን አልተመዘገብሽም?' ብለው ጠየቁኝ። የካቲት ላይ።"

ለሊሴ ወንበሯን ወደ እሷ ሳበች። "አውቀሽ ነው ያስተማርሽኝ?"

"ምን ላድርግ? ናቪጌሽን ካልገባሽ ሰኔም ትፈሪያለሽ፤ ከፈራሽ ደግሞ ሌላ ውሸት ታመጪያለሽ ብዬ ነው። ያኔ ዓይኔን ማን አውቆ!" ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ አልሆነላትም። "ካለፍን በኋላ ልጣላሽ ነበር። በደንብ አድርጌ። ከዚያ በኋላ ግን ጥሉም ትርጉም አጣ።"

"ይቅር በይኝ።"

"ይቅር ካልኩሽ ቆየሁ። ጸልዬበታለሁ።" ብርጭቆዋን ገፋ አደረገች። "አንድ ነገር ብቻ። ከዛሬ ጀምሮ ስለ በረራ አትንገሪኝ። እስከ ዛሬ የሰማሁሽ አንቺ እንዳይከፋሽ ነው። ስልኩን ስዘጋ ምን እንደምሆን አታውቂም።"

ለሊሴ ቃሏን ጠበቀች። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይገናኛሉ። ስለ አቶ አዱኛ የጉልበት ሕመም፣ ስለ ወንጌላዊው አዲስ ምእመናን፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ ይጫወታሉ፤ ይስቃሉም። ባለፈው ጥቅምት ለሊሴ ካፒቴንነቷን አገኘች። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፤ ጵርስቅላም ሳትሰማ አልቀረችም። በዚያ ቅዳሜ ለሊሴ ቀድማ ደርሳ ተቀመጠች። ጵርስቅላ መጣች፣ ሦስት ጊዜ ሳመቻት፣ ቦርሳዋን አስቀመጠች።

"እሺ፣ ሳምንቱ እንዴት ነበር?" አለቻት።

"ደኅና" አለች ለሊሴ። "ያው ነው።"