ዋይፋዩ ላይ የደፋሁት ጠበል

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም እንኳ...

ጥር ላይ የቤቴ ዋይፋይ ቀይ መብራት አብርቶ ዝም አለ። እንደኔ ከከተማ ወጣ ብሎ ሰባታሚት ለሚኖር ሰው ጠጋኝ ማስመጣት ቀላል አይደለም። የኢንተርኔቱ ቢሮ ስደውል «ነገ ይመጣሉ» ይሉኛል። ባጃጅ ተሳፍሬ ከተማ ቢሮው ስሄድ «ወጥተዋል፣ ቤትዎ ይጠብቁ» ይሉኛል። ቤቴ ስጠብቅ... ማንም የለም።

ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሐዋሳ ያለችው ልጄ እሑድ እሑድ የልጅ ልጄን በቪዲዮ የምታሳየኝ በዚያ ነበር። የስልኩ ኔትወርክ እኛ ዘንድ ድምፅ እንጂ ምስል አያሳልፍም።

«እማዬ፣ ቆመ እኮ! ሁለት እርምጃ ሄደ!» ስትለኝ ተናድጄ ቀዩን መብራት በነጠላዬ ሸፈንሁት። ከዚያ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ የጠበሉን ጠርሙስ አወጣሁ።

ጠርሙሱ ታሪክ አለው። ባለቤቴ ታሞ ተኝቶ «ጠበል አምጭልኝ» ብሎኝ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ለብቻዬ፣ በልጄ ደብተር ነው፤ መጽሐፍ ከያዝሁ አልለቅም። ያን ቀን ሃያ ገጽ ቀርቶኝ ነበር። «ነገ» አልሁት። በማግስቱ አመጣሁ... የሚጠጣው ግን አልነበረም።

እንግዲህ ለሰው የዘገየሁትን ለዕቃ ፈጠንሁ። በስመ አብ ብዬ ረጨሁት። መርጨት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ግማሹን ጠርሙስ ደፋሁበት። ቀዩ መብራት ጠፋ።

«ተፈወሰ!» አልሁ።

በማግስቱ ጠጋኙ መጣ። ከጎረቤቴ ከሐጂ ሰይድ መሰላል ተውሶ ምሰሶው ላይ ወጣና የላላውን ገመድ በአሥር ደቂቃ አስተካከለ። ከዚያ ገብቶ ዋይፋዩን አንሥቶ ዘቀዘቀው። ውኃ ተንጠባጠበ።

«እናቴ፣ ይህ ምን ነክቶት ነው?»

«ጣራው... አፍስሶ ነው።»

ቀና ብሎ ጣራውን አየ። በመስኮት ሰማዩን አየ።

«በጥር?»

«ያለፈውን ክረምት አቁሮ ይሆናል ልጄ።»

ከቦርሳው ሌላ ዋይፋይ አውጥቶ ቀየረልኝ። መሰላሉን ሲመልስ ግን ወሬውንም አብሮ አደረሰ።

ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሐጂ ሰይድ ከተማ ውስጥ ቆርቆሮና ምስማር ነጋዴ ናቸው። ሦስት ጎረቤቶች አስከትለው፣ አዲስ ቆርቆሮ አሸክመው ቆመዋል።

«አንች ማንጠግቦሽ፣ ጣራሽ እያፈሰሰ ዝም ትያለሽ?»

«ኧረ ሐጂ፣ ብዙም አይደለ...»

«ተይ! ሟቹ ባልሽ እንደ ወንድሜ ነበር። የሱ ቤት እያፈሰሰ እኔ ለሰው ቆርቆሮ ልሽጥ?»

እነሱ ጣራው ላይ ወጡ።

«ቀዳዳው የታለ?» ይላሉ ከላይ።

«እዚያ... ትንሽ ወደ ግራ!» እላለሁ ከታች።

«ይህ ቆርቆሮ እኮ ከእኔ ሱቅ ዕቃ ይሻላል!» አሉ ሐጂ። ቢሆንም ደህናውን ነቅለው አዲሱን መቱልኝ። መርቀውኝም ሄዱ።

በማግስቱ እሑድ የልጅ ልጄ ሲንገዳገድ አየሁት። ዓይኔ ግን ወደ አዲሱ ቆርቆሮ ይሄድብኝ ነበር።

ትናንት የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ ወረደ። አዲሱ ቆርቆሮ በምስማሩ ሥር... ጠብ። ጠብ። ልክ ዋይፋዩ ላይ! ቢሮው ደወልሁ።

«ምን ነካው?»

«ጣራው አፍስሶ ነው» አልሁ፤ በሕይወቴ እንዲያ እውነት ተናግሬ አላውቅም።

«እናቴ፣ ባለፈውም እንዲሁ ብለው ነበር እኮ» አለችኝ ስልኩን ያነሣችው የቢሮው ሠራተኛ።

ባለቤቴን ይቅርታ የምጠይቅበት መስመር የለኝም። ከሐጂ ግን የሚለየኝ አጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ከመለጠፌ በፊት በወረቀት ገልብጬዋለሁ፤ ዛሬ ለሐጂ ሰይድ በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ።

ሐጂ፣ ወረቀቱ ላይ ጠብታ ቢያዩ እንባ አይምሰልዎ... ጣራው ነው።