በየሚካኤሉ አንድ ቁራሽ

ባሌ ሾፌር ነበር። ከአዲስ አበባ ጭኖ ሲወርድ ጣርማ በር ላይ መኪናው ገደል ገባበት። የለቅሶው ዕለት ራሴን ስስት የጤና ጣቢያው ድሬሰር የእንቅልፍ ክኒን ሰጠኝ፤ ሦስት ቀን እየዋጥኩ ተኛሁ። ስነቃ ዳሱ ፈርሷል። ያገሩ ሰው «ባሏን ያላለቀሰች» አለኝ። ይበሉ! ሰባት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ እየዋጥኩ፣ ሸዋ ሮቢት መንገድ ዳር ሻይ ቤቴን ይዤ ኖርኩ።

በኋላ ግን ደነዘዝኩ። ለአንዱ ብርጭቆ ሁለቴ ስኳር እጨምራለሁ፤ ቀን ቆሜ አንቀላፋለሁ። አንድ ቀን የፈላ ውሃ እግሬ ላይ ደፋሁና ተናደድኩ። «ሚካኤል ይርዳኝ፣ ይህን ክኒን እተዋለሁ!» ብዬ ተሳልኩ። ብልቃጡን ሽንት ቤት ጥዬ ጠበል ገባሁ። ጠበልና መድኃኒት አይቀላቀልም ይባል የለ? ለማንም አልተናገርኩም።

በሦስተኛው ቀን እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ላቡ አይጣል ነው። የቆላ ሙቀት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ጠበሉ ሥር ስቆም ግን ወድቄ ተንፈራገጥኩ፤ ምላሴን ነከስኩ። ሰዉ እልል አለ! ሰይጣን የተያዘ መስሏቸው «ማን ነህ? ተናገር!» ይሉኛል። የንስሐ አባቴ ባይደርሱልኝ እዚያው እቀር ነበር። ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ምን ትተሽ ነው የመጣሽው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። በቃሬዛ አሸክመው ድሬሰሩ ዘንድ ወሰዱኝ።

ድሬሰሩ ጮኸብኝ። «እትዬ፣ ሊሞቱ ነበር እኮ! ሰውነትዎ የለመደውን እንዴት በአንድ ቀን ይጥሉታል? በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚቀነሰው፤ እሱም እኔ እያየሁ።»

«ስለቴስ?» ብዬ የንስሐ አባቴን አየኋቸው።

«ሚካኤል ነፍስሽን አልጠየቀሽም» አሉኝ። «በወር በወሩ ይውላል፤ አንቺም በየሚካኤሉ ትቀንሻለሽ።»

ድሬሰሩ ክኒኑን እንደገና አስጀመረኝ። ከዚያ ሚካኤል በዋለ ቁጥር እሄዳለሁ፤ መርምሮኝ ክኒኑን በምላጭ ትንሽ ይቀንስልኛል። አንዱ ወር ላይ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እየተቆጣሁ ብሄድ «ይህን ወር እዚሁ ላይ እንቆይ፤ ሩጫ አይደለም» አለኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የማይለኝ ሰው አልነበረም። ከክኒኑ ይልቅ ተረቱ ሰለቸኝ።

ዓመት ዞሮ የመጨረሻዋ ቁራሽ አለቀች። ከሳምንት በኋላ፣ ጠዋት ብርጭቆ ሳጥብ፣ አንድ የጭነት መኪና ከቁልቁለቱ ጡሩምባውን እየነፋ ወረደ። ባሌ እንዲያ ነበር የሚመጣው፤ ሻይ ጣጂ ማለቱ ነው። እጄ ወደ ማንቆርቆሪያው ሄደ።

ያን ጊዜ እሪ አልኩ። መሬት ተቀምጬ ደረቴን ደቃሁ። የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ።

«ምነው! ማን ሞተ?»

«ባሌ» አልኳቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብለው አብረውኝ አለቀሱ።